የክረምት ሥራዬ የዩኒቨርሲቲ ሥዕል መጋዘን ሆነ፤ ከየት ልጀምር?

የቧንቧ ውሃዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ጨርሻለሁ። ክረምቱን ቤት ከምቀመጥ ብዬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ማሳያ ውስጥ የተማሪ ሥራ አመለከትኩና አገኘሁ። ሐምሌንና ነሐሴን ነው። ክፍያው ለባጃጅና ለሻይ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

ማስታወቂያው «ስብስቡን በማስተዳደር ማገዝ» ነበር የሚለው። እኔ ጎብኚ መቀበል፣ ሥዕል ማስረዳት ምናምን መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝ ግን ከማሳያው ጀርባ ያለው ክፍል ነው። መስኮቱ አንድ ነው። ጣሪያው አንዱ ጥግ ላይ ያፈሳል። ውስጡ ያለው ደግሞ ጉድ ነው፦ የመምህራን ሥዕል፣ ተመራቂዎች ትተውት የሄዱት ሸራ፣ በስጦታ የመጣ የንጉሥ ሚካኤል ምስል፣ የእንጨት ቅርጽ፣ ሙዳይና ሌማት፣ ጥቅል ጥቅል ወረቀት። አንዳንዱ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። አንዱን ላስቲክ ከፈት ሳደርገው የሻጋታ ሽታ ወጣ።

ቁጥሩ ሌላ ጣጣ ነው። ንብረት ክፍል ወንበር ላይ የሚለጥፈውን ተለጣፊ ሥዕሎቹም ላይ ለጥፎታል። አንዱ ላይማ ፊት ለፊት፣ ሠዓሊው የፈረመበት ቦታ አጠገብ ነው ያለው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው በማርከር ሌላ ቁጥር ጽፏል። በእጅ የተጻፈ የቆየ መዝገብም አለ። ግማሹ ላይ «ሥዕል፣ ትልቅ» ብቻ ነው የሚለው። ትልቁ የቱ ነው? ሁሉም ትልቅ ነው እኮ!

ኃላፊዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሥልጠና ላይ ስለሆነ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። «በኤክሴል አድርጊው» ብሎኝ ሄደ። ከምን ልጀምር? አቧራውን ልጥረገው? ጓንት የግድ ነው? ይህን ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ ምክር ጀባ በሉኝ።


ሸጋው ከመርሳ

አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። ነጭ ጓንት ግዢ፣ ፊልም ላይ እንደሚያደርጉት። አቧራውን ለስለስ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ተለጣፊውን ላጪና ጣዪው። ከዚያ ከበሩ ጀምረሽ አንድ፣ ሁለት እያልሽ ቁጥር ስጪ። ሳምንትም አይፈጅብሽ። የቀረውን ክረምት እዚያው ቡና እያፈላሽ ትከርሚያለሽ።


ጡረተኛው ንብረት ሹም

የመርሳው ልጅ፣ ልብህ ሸጋ ነው፤ ምክርህን ግን አንዱንም እንዳትሰማህ።

ልጄ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ዕድሜዬን በንብረት ክፍል ነው የጨረስኩት። ወደ መጨረሻው አካባቢ የአንድ ማሳያ ስብስብ ቁልፍ ሰጡኝ፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው። ከሙዚየም ባለሙያዎች ሥልጠና ወሰድኩ። እና ስለ ሥዕል ውበት አትጠይቂኝ። ስለ ሥዕል አቀማመጥ ግን እናውራ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ፈርመሻል? ቁልፉን ስትቀበዪ ወረቀት ላይ ፈርመሻል ወይ? ካልፈረምሽ እሰየው፣ እንዳትፈርሚ። ሞዴል 22 የሚባለውን የንብረት ወጪ ቅጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ «እኔ ተማሪ ነኝ፣ ለማገዝ ነው የገባሁት» በይው። ርክክብ የቋሚ ሠራተኛ ነው። አንቺ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትወጫለሽ። በዓመቱ አንድ ሸራ ጠፋ ሲባል የሚናገረው ወረቀቱ ነው። «በቃል ነው የሰጡኝ» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። መጋዘኑ ሲከፈትም ሁለት ሰው ይኑር። ባለጌ ሆነው ይሰርቁሻል ማለቴ አይደለም። ሁለት ሰው ሲኖር ሐሜት አይኖርም።

ቀጥሎ፣ ምንም አትጥረጊ። ምንም አትላጪ። መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ጻፊ።

እንዴት መሰለሽ? ክፍሉን ራሱን ስም አውጪለት። ግድግዳዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በያቸው። መደርደሪያ ካለ ከላይ ወደ ታች ቁጥር ስጪው። ይህን በወረቀት ሣዪና በሩ ላይ ለጥፊው። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ ትጽፊያለሽ፦ «ግድግዳ ለ፣ ከግራ አራተኛ»። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ሥዕሉ መጻፍ ይወዳል፤ «ገበያ የምትሄድ ሴት፣ ቀይ ቀሚስ»። እሱ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ጥያቄ የት ነው የሚለው ነው። ቦታው ያልተጻፈ ዕቃ ነገ ሰው ቢያነሳው መነሣቱን እንኳ የምታውቂበት መንገድ የለሽም።

አሁን ሁለት ቆጠራ አድርጊ። አንዱ ከመደርደሪያ ወደ መዝገብ ነው። ዕቃውን ታያለሽ፣ መዝገቡ ላይ ትፈልጊዋለሽ። ሌላው ከመዝገብ ወደ መደርደሪያ ነው። መዝገቡን ታነቢያለሽ፣ ዕቃውን ትፈልጊያለሽ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ጨረስኩ ይላል። የጠፋው የሚታወቀው ግን በሁለተኛው ነው። «መዝገብ ላይ አለ፣ መደርደሪያ ላይ የለም» የሚል ዝርዝር ሲወጣልሽ ደግሞ ተሰረቀ ብለሽ አትጩሂ። ቢሮዎችን ዙሪ። የዩኒቨርሲቲ ሥዕል የሚገኘው ዲን ቢሮ፣ እንግዳ ማረፊያ፣ የመምህራን ክበብ ውስጥ ነው። እኔ አንዱን ያገኘሁት ፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ ነው፣ አቧራ ለብሶ።

ንብረት ክፍሎች ሰኔ 30 ላይ የዓመቱን ቆጠራ ይዘጋሉ። ሐምሌ ላይ መግባትሽ ጥሩ ነው፤ ትኩስ ዝርዝር አላቸው። ሂጂና ኮፒ ለምኚ። ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ የተቆረጠላቸው ሥዕሎች ካሉ የገቡበት ቀንና ከማን እንደመጡ እዚያ ላይ አለ። የጠፋሽ ታሪክ ግማሹ እዚያ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ንብረት ክፍልን ማንም አይወድም፤ አንቺ ግን ውደጂው።

ተለጣፊውን ለምን አትላጪ አልኩሽ? አንደኛ፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ያ ቁጥር የሆነ መዝገብ ቁልፍ ነው። አሮጌ ቁጥር አይጣልም። «የቀድሞ ቁጥሮች» የሚል ዓምድ ከፍተሽ ሁሉንም አስገቢ፣ የማርከሩንም ጭምር። ፊት ላይ የተለጠፈውን ባለሙያ ያነሳዋል። አንቺ ፎቶ አንሺና እለፊ።

አዲስ ቁጥር ስትሰጪ ሸራው ላይ አትጻፊ። ከጀርባ ብትጫኚው ፊቱ ላይ ያለው ቀለም ይሰነጠቃል፤ ዛሬ ባይታይ ከዓመታት በኋላ ይታያል። ሸራው የተወጠረበት እንጨት ላይ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ወረቀት ከሆነ ጀርባው ጥግ ላይ፣ በእርሳስ፣ ሳትጫኚ። ሙዳይና ሌማቱ ላይ ቁጥሩን ነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ጽፈሽ እሰሪው። እስክሪብቶ መጋዘን ውስጥ ራሱ አይግባ። ከበሩ ውጭ ኩባያ አስቀምጪና ሁሉም እስክሪብቶውን እዚያ ይጣል።

ጓንት፦ ነጩ የጥጥ ጓንት ለሥዕል አይሆንም። ክሩ የተነሳ ቀለም ላይ ይያዛል፤ ፍሬሙም ከእጅ ያንሸራትታል። ናይትሪል የሚሉት የሐኪም ጓንት ካገኘሽ ጥሩ። ካላገኘሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂ፤ ቅባት አትቀቢ። ቀለበትና አምባር አውልቂ። ብረት ለመንካት ግን ጓንት የግድ ነው፤ የእጅ ላብ ብረት ይበላል። ሥዕል ስታነሺ በሁለት እጅ ነው፣ አንዱ ከሥር አንዱ ከጎን። ከላይኛው ፍሬም አንጠልጥለሽ እንዳታነሺ። ትልቁን ብቻሽን አትሞክሪ። የምታስቀምጪበትን ቦታ ሳታዘጋጂም ምንም አታንሺ። ሥዕል ይዘው መሃል ክፍል ላይ «የት ላድርገው?» የሚሉ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ላስቲኩ ልምጣ። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ከሌላው ሁሉ በፊት ዛሬውኑ እሱን ተመልከቺ። ደሴ በሐምሌ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ይገባል፤ ያጠብሽው ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። እርጥበቱ ላስቲክ ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። ሰዎቹ ላስቲኩን ያለበሱት ከሚያፈሰው ጣሪያ ለማዳን ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ጥቅልል አድርጎ ማሰር ሻጋታ መቀፍቀፍ ነው። ላስቲኩ ከላይ ይሁን፣ ከታች ይከፈት፤ ውኃ ይመልሳል፣ አየር ያስገባል። ሥዕሎቹን ከሚያፈሰው ጥግ አርቂ። ከውጭ ግድግዳ ጋርም አይነካኩ፤ ክረምት ላይ የውጭ ግድግዳ ይረጥባል። መሬት ላይ አይቁሙ፤ ከሥር ጣውላ አድርጊ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበሉ። ሲደገፉ ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ፣ ትልቁ ከኋላ ይሁን። አለዚያ የአንዱ ፍሬም የሌላውን ሸራ ይቀድዳል።

የሻገተውን ለይተሽ ለብቻው አስቀምጪ። አታራግፊው፣ በብሩሽም አትንኪው፤ ዱቄቱ ወደ ሌላው ይበናል፣ ለሳንባሽም ጥሩ አይደለም። ጥሩ ማስክ አድርጊ። ኃላፊሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዛልሽ፤ ውድ ዕቃ አይደለም። ከ40 እስከ 60 በመቶ መሃል ከሆነ ተመስገን በይ። ከ65 ካለፈ ሻጋታው መንገድ ላይ ነው። ጠዋትና ከሰዓት እየመዘገብሽ ግራፍ ሥሪበት። ጣሪያው እንዲጠገን ደብዳቤ ሲጻፍ ያ ግራፍ ከአንቺም ከእኔም ልመና ይበልጣል። መስኮቱን ጉም ሲሆን ዝጊ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ክፈቺ። የአየር ማራገቢያ ካለ ወደ ሥዕሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይዙር።

ቡናውን በተመለከተ፦ እኔም ወሎዬ ነኝ፣ ያለ ቡና አልኖርም። ግን ከሰል፣ ዕጣንና ቄጠማ መጋዘን አይገቡም። ጭሱ ሸራ ላይ ይቀመጣል። ቄጠማው ደግሞ ነፍሳት ይዞ ይመጣል፣ ነፍሳቱ ሙዳይሽን ይበሉታል። ውጭ በረንዳው ላይ አፍሉት። ፍሊትም አትርጪ።


የቧንቧ ውሃዋ

ጋሼ፣ እድሜዎን ያርዝመው! አልፈረምኩም። ላስቲኮቹን ዛሬ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ከታች ከፈትናቸው። ሦስት ሸራ ሻግቷል፣ ለብቻ አድርገነዋል። ሁለቱ ሸራዎች ረግበዋል፣ እንደ መጋረጃ ሆነዋል። እሱስ ምን ይደረጋል?

ሌላ ጥያቄ ደግሞ መጣብኝ። ቁጥሩን በዓመተ ምሕረት ነው ወይስ በፈረንጆቹ የማደርገው? መዝገቡ በእኛ ነው። ከውጭ ተመልሶ የመጣ መምህር ያሠራው ዝርዝር ደግሞ በእነሱ ነው። ስሞቹስ? የኤክሴል ናሙና ከኢንተርኔት አውርጄ «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ አለው፤ ማንን ልጻፍበት?

በዚያ ላይ ከጥቅልሎቹ ሥር በጨርቅ የተሸፈነ የብራና መጽሐፍ አገኘሁ። መዝገቡ ላይ የለም። ፎቶውን እዚህ ልለጥፈው?


የወልድያዋ ካታሎገር

መጀመሪያ፦ የብራናውን ፎቶ እዚህ አትለጥፊ! ስለሱ የሚያውቅ ሰው ይመጣል፣ ጠብቂ።

እኔ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው፤ ስለ ቁጥሩና ስለ ስሙ ልመልስልሽ። ዓመቱን በእኛው አድርጊው። መዝገብሽ፣ ሞዴል 19ኙ፣ ደብዳቤው ሁሉ በእኛ ስለሆነ ነው። ግን ሁለቱን እንዳታደባልቂ። በኅዳር 2015 የመጣ ስጦታ በፈረንጆቹ 2022 ነው፤ በጥር 2015 የመጣው ደግሞ 2023። ሰባት ይቀነሳል ወይስ ስምንት የሚለው ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን በዓ.ም. ስጪና፣ ለፈረንጆቹ ቀን ሌላ ዓምድ ክፈቺ። ከውጭ የመጣውን መምህር ዝርዝር ስትገለብጪ ዓመቱን አትቀይሪው፤ እንዳለ «የቀድሞ ቁጥሮች» ውስጥ አስገቢው።

የኤክሴል ወጥመድ አለ፣ ስሚኝ። በ2015 የገባውን አሥረኛ ሥዕል 2015.10 ብለሽ ስትጽፊ ኤክሴል ቁጥር መስሎት ዜሮዋን ይጥልና 2015.1 ያደርገዋል። አሥረኛው ሥዕልሽ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ቀን ላይ ደግሞ ይብሳል። ለየካቲት 30 ብለሽ 30/6/2015 ከጻፍሽ ጁን 30 አድርጎ ሊቀበልሽ ይችላል። ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም። ገና አንድ ነገር ሳትጽፊ ዓምዶቹን በሙሉ ምረጪና «ቴክስት» አድርጊያቸው። ቁጥሩንም 2015.001፣ 2015.010 እያልሽ ሂጂ፤ ሲደረደር አይዘበራረቅም።

ስም። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ዓምድ ሰርዢው። ሙሉ ስሙን በእኛ ቅደም ተከተል በአንድ ዓምድ ጻፊ። በውጭ አገር ዝርዝሮች ላይ ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ደስታ» በሚለው ሥር ታገኚዋለሽ። አባቱን ነው የመዘገቡት እኮ! ስኩንድር ቦጎሲያን ግን ሌላ ነው፤ ቦጎሲያን የአርመን የቤተሰብ ስም ስለሆነ እዚያ ሥር መፈለጉ ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ይህን ሊያውቅልሽ አይችልም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ሠዓሊው ራሱ ሥዕሉ ላይ የጻፈውን አጻጻፍ አትንኪ። ኃይሌ ብሎ ከፈረመ ኃይሌ ነው። ግን ጎን ለጎን አንድ «መፈለጊያ» የሚል ዓምድ አድርጊና ሁሉንም በአንድ ፊደል ጻፊ። አለዚያ «ሀይሌ» ብሎ የፈለገ ሰው «ኃይሌ»ን አያገኘውም፣ የለም ብሎ ይሄዳል። ሥዕልና ስዕልም እንደዚያው።

ፊርማ የሌለው ሥዕል ካለ «ያልታወቀ» ብቻ ብለሽ አትዝጊው። የተመራቂ ሥራ ከሆነ የትምህርት ክፍሉ የተመራቂዎች ዝርዝርና የምረቃ ዐውደ ርዕይ ወረቀት ይኖረዋል። «በግምት የእገሌ፣ ምክንያቱም…» ብለሽ ምክንያቱን ጻፊ። ምክንያት የሌለው ግምት የሚቀጥለውን ሰው ያሳስታል።

ደግሞ በኤክሴል መጀመርሽ አያሳፍርም። ኮሌክቲቭአክሰስ የሚባል ነፃ የሙዚየም ሶፍትዌር አለ፤ ዓምዶችሽ ንጹሕ ከሆኑ አንድ ቀን ወደዚያ ይገባል።


የሐይቅ ልጅ

የብራናውን ነገር ለእኔ ተዪው። ያደግኩት ሐይቅ ነው፤ ብራና የሚደጉሱ ሰዎች መሃል።

እጅሽን ታጥበሽ አድርቂና ያለ ጓንት ያዢው። ጓንት ሲሆን ቅጠሉ አይሰማሽም፣ ትቀጂዋለሽ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፊ። ሙሉ በሙሉ ዘርግተሽ አትክፈቺው፤ ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ፎጣ ደግፊው። የተጠማዘዘ ቅጠል ካለ ለማቃናት አትጫኚው። ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም በዚያው ይረግፋል። ከሻገቱት ሸራዎች አርቀሽ የማይለዋወጥ አየር ያለበት ቦታ አድርጊው።

መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉትን ባዶ ቅጠሎች እዪ። የባለቤት ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ…» የሚል ውግዘት ሊኖር ይችላል። ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው። ጽሑፉ ዓረብኛ ወይም ዓጀሚ (በዓረብ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ከሆነም አትደነቂ፤ ወሎ የመንዙማ አገር ነው፣ የሼኾች መጻሕፍት በየቤቱ አሉ። የማታነቢው ከሆነ የሚያነብ ሰው በኃላፊሽ በኩል ይጠራ።

ፎቶው ለምን አይለጠፍም? ገና ባለቤቱ አልታወቀም። ሰው ያስቀመጠው አደራ ይሁን፣ ስጦታ ይሁን፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ይሁን ማን ያውቃል። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ገዢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የያዘ ሰው የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። አንቺ ለኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ እሱ ለባህልና ቱሪዝም ያሳውቅ። ቀን ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል።

ግን ለመዝገቡ ፎቶ አንሺው፣ በደንብ አድርገሽ። ሥዕሎቹንም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ያ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለው ሙዚየም፣ ልጆች ሆነን በትምህርት ቤት ሰልፍ የሄድንበት። የተወሰደ ዕቃ ሲፈለግ ፖሊስም ጉምሩክም የሚጠይቀው ፎቶና መጠን ነው። «የሚያምር ብራና ነበረን» ተብሎ ዕቃ አይመለስም።

መቅደላን አስቢ። እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ወስደዋል። ዊሊያም ራይት የሚባል ሰው በ1877 እ.ኤ.አ. አንድ በአንድ ቆጥሮ ካታሎግ አሳተመላቸው። ዛሬ የትኛው መጽሐፍ ከመቅደላ እንደሄደ ስንከራከር በአብዛኛው የምንገልጠው የወሳጆቹን ካታሎግ ነው። ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል። መመዝገብ ለእኛ አዲስ ነገር ሆኖ እኮ አይደለም። በየገዳሙ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የርስቱና የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ይጻፍ ነበር፤ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች አሉበት።

ፎቶ አነሳሱ፦ ፍላሽ የለም። ደመና በሆነ ቀን መስኮት አጠገብ ጥሩ ብርሃን ይገኛል፤ ደሴ ደመና አይጠፋም። አጠገቡ ማስመሪያና ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ፊርማውን፣ የተጎዳውን ቦታ አንሺ። ጀርባውን አትርሺ፤ የሥዕል ታሪክ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው ያለው። የስልክሽን ባትሪ ከጎን ብታበሪበት የተነሳ ቀለም ጥላ ይጥላል፣ ይታይሻል። ለኃላፊሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል።


ሸጋው ከመርሳ

ወላሂ እኔ ምስኪን ጨርቅ ብቻ ነበር ያልኩት፣ መቅደላ ድረስ ሄዳችሁ! ግን ይህ ሁሉ በባጃጅ ክፍያ ነው? ቢያንስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ። ደብዳቤው ላይ «አገዘች» ብቻ እንዳይሉ፤ «ስብስቡን ቆጥራ፣ ፎቶ አንስታ፣ የመረጃ ቋት ሠርታ አስረክባለች» ይበሉ። ተመርቀሽ ሥራ ስትፈልጊ ትለያለሽ።


የቧንቧ ውሃዋ

ስለ ደብዳቤው እውነትህን ነው፣ አልረሳውም። የሐይቁ ልጅ፣ ብራናው ግዕዝ ነው፣ የመጀመሪያው ቅጠል ላይ የተፋቀ ስም አለ። ለኃላፊዬ በጽሑፍ ሰጥቼዋለሁ፣ «ደረሰኝ» ብሎ ፈርሞልኛል።

ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። የአንድ ክፍል ኃላፊ ጸሐፊዋን ልኮ «ቢሮዬ አዲስ ተቀብቷል፣ ሁለት ሥዕል ምረጪልኝ» አለ። የንጉሥ ሚካኤልን ምስል ዓይቶታል መሰለኝ። እምቢ ማለት እችላለሁ? እኔ ተማሪ ነኝ፣ እሱ ትልቅ ሰው ነው።


ጡረተኛው ንብረት ሹም

ይሄ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ቢሮ ሲቀባ ሥዕል ይታወሳል።

እምቢም እሺም የምትዪው አንቺ አይደለሽም። «ደስ ይለኛል፣ ኃላፊዬ ሲፈርም አወጣለሁ» በይ። ፈገግ ብለሽ። ኃላፊሽ ከፈቀደ የውሰት ወረቀት ይሠራ፦ የሥዕሉ ቁጥር፣ ፎቶው፣ ሲወጣ የነበረው ይዞታ፣ የሚሰቀልበት ቢሮና ግድግዳ፣ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ፣ የሚመለስበት ቀን። የመመለሻ ቀን የሌለው ውሰት ስጦታ ነው። ቀኑን በዓመት አድርጉት፤ ዓመቱ ሲሞላ ሥዕሉ ታይቶ ይታደሳል። ውሰቱ በቢሮ ስም ሳይሆን በሰው ስም ይሁን። ሰውየው ሲዛወር ክሊራንስ ሊያስፈርም ንብረት ክፍል መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ይጠየቃል።

የመደርደሪያ ዝርዝርሽ ላይም ቦታውን ወዲያው ቀይሪው። «ግድግዳ ለ» የነበረው «ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ» ይሁን፣ ከነቀኑ። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ላይ «በውሰት ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተዪ። ሥዕሉ ከመስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል፤ ፀሐይ ያነጣዋል። የዘይት ቀለም በብርሃን መለኪያ 200 ሉክስ ያህል ብርሃን ይበቃዋል። ወረቀትና ጨርቅ ላይ የተሠራ ከሆነ 50 ነው፣ ስለዚህ የወረቀት ሥራ ቢሮ አይሄድም በይ። ከሻገቱት አጠገብ የነበረ ሥዕልም አሁን አይወጣም፤ ክረምቱ ይለፍና ይታይ።

የረገቡትን ሸራዎች ጠይቀሽኝ ነበር። አትወጥሪያቸው። ሸራ ክረምት ላይ ይረግባል፣ በጋ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። አሁን ጥግ ጥጉን ሽብልቅ እየመታሽ ብትወጥሪው ጥር ላይ ሲደርቅ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። «በሐምሌ ረግቦ ተገኝቷል» ብለሽ ጻፊና ለሚቀጥለው ሰው ተዪለት። ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ስትዪ፣ ፋይሉ አንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዳይቀር። አንዱን ለኃላፊሽ፣ አንዱን ለቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱን አትመሽ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጪ። የጣሪያውን ደብዳቤ ኮፒም እዚያው አያይዢው።